ግሪክ ከጎረምሶችና ከአያት ጋር፦ 12 ቀን እንዴት እናድርገው?

የሜሪላንዷ እናት፦
ሰላም ወገኖች። ምክር ፈልጌ ነው። በቤተሰብ ወደ ግሪክ ልንሄድ አስበናል። አምስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ16 ዓመት ሴት ልጃችን፣ የ14 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ እናቴ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ጠንካራ ናት።

እስከ ዛሬ እረፍት ማለት ለኛ አዲስ አበባ ነበር። ዘመድ ጥየቃው፣ ሠርጉ፣ ለቅሶው ሲያዋክበን ከርሞ ሳናርፍ እንመለሳለን። ልጄ ሁለት ዓመት ቆይታ ኮሌጅ ትገባለች። ከዚያ በኋላ አብራን የምትጓዝ አይመስለኝም። ስለዚህ ይህቺ ጉዞ እንድታምርልኝ እፈልጋለሁ።

ችግሩ የሁሉም ፍላጎት ለየቅል ነው። ልጄ የሳንቶሪኒን ደሴት ስልኳ ላይ አይታ ሌላ ቦታ መስማት አትፈልግም። ወንዱ ባሕርና ቅርጫት ኳስ ብቻ ነው። «ሙዚየም ከሆነ ሆቴል እቀራለሁ» ብሎኛል። ባለቤቴ አቴንስ ኮረብታ ላይ ያለውን ጥንታዊ አክሮፖሊስ ሳላይ አልመለስም ይላል። እናቴ ጾመኛ ናት፤ ያሰብነው ደግሞ ኦገስት አጋማሽ ነው፤ ፍልሰታ ላይ ማለት ነው። አቴንስ፣ ሚኮኖስ፣ ናክሶስ፣ ሳንቶሪኒና ቀርጤስ ብዬ ጽፌያለሁ። በ12 ቀን ይዳረሳል? የሄዳችሁበት እባካችሁ ንገሩኝ።

የስቶክሆልሙ አባት፦
እህቴ፣ አይዳረስም። እኔም እንዳንቺው ጽፌ ሄጄ ስለነበር ነው የምነግርሽ።

ከሦስት ዓመት በፊት በ9 ቀን አራት ደሴት አደረግን። ወረቀት ላይ ሲታይ ቅርብ ለቅርብ ነው። ግን ደሴት በቀየርሽ ቁጥር ግማሽ ቀን ይበላል። ሻንጣ ማሸግ፣ ከሆቴል መውጣት፣ ወደብ ላይ መጠበቅ፣ መሳፈር፣ መውረድ፣ ደግሞ ታክሲ መፈለግ። በስድስተኛው ቀን ነፋስ ተነሥቶ መርከብ ቀረ። መልቴሚ ይሉታል። በሐምሌና በነሐሴ ከሰሜን የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ መርከብ ግን የለም። ትልቋ ልጄ ወደቡ ላይ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ 15 ዓመቷ ነው። ነፋሱን ፈርታ አይደለም። «ባባ፣ ከመጣን አንድ ቀን እንኳ ጠግቤ አልተኛሁም» አለችኝ። ያቺ ቃል እስካሁን ከሆዴ አልወጣችም።

ስለዚህ አንድ ደሴት ምረጡ። ቢበዛ አንድ ተኩል። እኔን ብትጠይቂኝ ናክሶስ። አጊዮስ ፕሮኮፒዮስ የሚባለው የባሕር ዳርቻ አሸዋው ንጹሕ ነው። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ልጆቹን ማታ ለብቻቸው አይስክሬም ይዘው እንዲዞሩ መልቀቅ ይቻላል። ለጎረምሳ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወደቡ አጠገብ ፖርታራ የሚባል ትልቅ የእብነ በረድ በር ብቻውን ቆሟል። ተጀምሮ ያላለቀ የአፖሎን ቤተ መቅደስ በር ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የከተማው ሰው ሁሉ ወደዚያ ይወጣል። ዋጋውም ከሳንቶሪኒና ከሚኮኖስ ይሻላል።

ከአቴንሱ ፒሬዎስ ወደብ በትልቁ መርከብ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ፈጣኑን ጀልባ አትምረጡ። ትልቁ መርከብ ላይ ልጆቹ ሰገነቱ ላይ ወጥተው ይንጎራደዳሉ፤ ነፋስ ሲኖርም ብዙ አያንገላታም። አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ከመመለሻ በረራችሁ በፊት ያለችውን ሌሊት አቴንስ እደሩ። ከደሴት በቀጥታ ወደ አየር ማረፊያ አትሂዱ።

የቂፕሴሊዋ፦
እኔ አቴንስ 22 ዓመት ኖሬያለሁ። ቂፕሴሊ ሰፈር ነኝ። አሮጊት ሴትዮ እየጠበቅሁ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። የስቶክሆልሙ ወንድማችን ያለው እውነት ነው። እኔ ሌላ ልጨምር።

ከቻላችሁ ኦገስትን ተዉት። ሙቀቱ አንዳንድ ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሙቀት ሲብስ አክሮፖሊስን ራሱን ከሰዓት ይዘጉታል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት ስንቱ ሰው ቲኬት ይዞ በር ላይ ቆሞ ቀረ። በዚያ ላይ ኦገስት 15 የእመቤታችን በዓል ነው። እዚህ አገር እንደ ፋሲካ ነው የሚከበረው። ሁሉም ወደ ትውልድ መንደሩ ስለሚሄድ መርከቡ ቀድሞ ያልቃል። ቲኖስ ደሴት ላይ ምእመኑ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱን በጉልበቱ እየዳኸ ሲወጣ ታያላችሁ። ለእናትሽ ነፍስ ደስ የሚል ነበር። ግን አልጋ አይገኝም።

ጁን መጨረሻ ብትመጡ ባሕሩ ሞቋል፣ ሕዝቡ ገና አልመጣም፣ ቀኑ ረጅም ነው። የልጆቹ ትምህርትም ያን ጊዜ ያለቀ መሰለኝ።

ስለ ጾሙ አትጨነቂ። ግሪኮችም ጾም ያውቃሉ። የነሱ ፍልሰታ ከኦገስት 1 እስከ 14 ነው፤ የኛ ኦገስት 7 ይጀምራል። ታቬርና፣ ማለትም ምግብ ቤት፣ ስትገቡ «ኒስቲሲሞ» በሉ፤ የጾም ማለት ነው። ፋቫ የሚባለውን እዘዙላቸው። ከክክ የሚሠራ ነው፣ ላዩ ላይ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ያደርጉበታል። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ አንዴ ቀምሳ «ይሄማ ክክ አልጫ ነው» ብላ ሳህኑን ጠረገችው። ጊጋንደስ አለ፣ ትልልቅ ባቄላ የመሰለ፣ በቲማቲም ምድጃ ውስጥ የበሰለ። ሆርታ አለ፣ ቅጠሉ ተቀቅሎ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ጎመን ለለመደ ሰው ይስማማል። ጌሚስታ ሩዝ የተሞላ ቲማቲምና ቃሪያ ነው፤ እሱን ግን ሥጋ እንደሌለው ጠይቁ። አንድ ነገር ልብ በሉ። እነሱ በጾም ሽሪምፕና ኦክቶፐስ ይበላሉ። ስለዚህ አስተናጋጁ «ይሄም የጾም ነው» ብሎ ቢያቀርብ ሊያታልላችሁ አይደለም። የነሱ ሥርዓት ስለሆነ ነው።

አክሮፖሊስ ጠዋት 2 ሰዓት ሲከፈት ግቡ፤ በእነሱ 8 ማለት ነው። ቲኬቱ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 30 ዩሮ ሆኗል፤ የመግቢያ ሰዓት ተቆርጦለት ነው የሚሸጠው፤ ቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ። ድንጋዩ በስንት ዘመን እርግጫ እንደ መስታወት ለስልሷል። ስኒከር አድርጉ። ለእናትሽ ደግሞ በሰሜን በኩል መራመድ ለሚቸገሩ ሰዎች የተሠራ አሳንሰር አለ። በር ላይ ጠይቁ።

ባለግሪን ካርዱ፦
አንድ ጥያቄ አለኝ። እናትሽ ፓስፖርታቸው የየት ነው? ከሌላው ሁሉ በፊት ይህ ይታይ።

የሜሪላንዷ እናት፦
እኛ አራታችን የአሜሪካ ነን። እናቴ ግሪን ካርድ አላት፣ ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው። ግሪን ካርዱ አይበቃም እንዴ?

ባለግሪን ካርዱ፦
አይበቃም እህቴ። እኔ ባለፈው ዓመት አባቴን ይዤ አየር ማረፊያ ከደረስኩ በኋላ ነው የገባኝ። ትኬቱ ተቃጠለ። አባቴ «ልጄ፣ እናንተ ሂዱ» እያለኝ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤት ተመለሰ። ያን ቀን ማስታወስ አልፈልግም።

የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋችሁም። እናትሽ ግን የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት ቪዛ ነው። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል። ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው ነው፤ እስከዚያ ግን እንዳትጠብቂ፤ ሰመር ሲቃረብ ቀጠሮ ይጠፋል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የምትሄዱት ግሪክ ብቻ ስለሆነ የምታመለክቱት ለግሪክ ቆንስላ ነው። የሆቴል ቦታ፣ የበረራ ቦታ፣ የባንክ ወረቀት፣ የግሪን ካርዱ ቅጂ፣ ከአንቺ ደግሞ ወጪውን እንደምትችዪ የሚገልጽ ደብዳቤ አዘጋጂ። ፓስፖርታቸውም ከሼንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ዕድሜ የቀረው ይሁን። ቪዛው እስኪወጣ ድረስ የሚሰረዝ ሆቴል እንጂ ገንዘብ የማይመለስበትን አትያዢ።

የሜሪላንዷ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እኔ እኮ ከግሪን ካርድ ጋር አብሮ የሚሠራ መስሎኝ ነበር። ነገ ጠዋት ቀጠሮ እፈልጋለሁ።

ፎቶ ወዳጅ ከለንደን፦
ሁላችሁም ሳንቶሪኒን ተዪ እያላችኋት ነው። እኔ አልስማማም። ልጅቷ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። እሱን ከሰረዛችሁ ጉዞው የወላጆቿ ጉዞ ይሆንባታል።

እርግጥ ሳንቶሪኒ ውድ ናት። ኦያ የሚባለው መንደሯ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ መቆሚያ የለም። የባሕር ዳርቻዋም ጥቁር አሸዋና ጠጠር ስለሆነ ለመዋኘት ናክሶስ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ መሬቱ እየተንቀጠቀጠ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ደሴቷን ለቆ ወጥቶ ነበር፤ በኋላ ተረጋግቷል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ያ ገደል፣ ያ ነጭ ቤት፣ እሳተ ገሞራ የቦረቦረው ያ ባሕር በዓይን ሲታይ ሌላ ነው። ከናክሶስ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። እናትና ልጅ ብቻችሁን ሄዳችሁ አንድ ሌሊት እደሩ። ወንዶቹና አያት ናክሶስ ይቆዩ። ጠዋት ሰው ሳይነሣ ከዋናው ከተማ ከፊራ ወደ ኦያ በእግር ሂዱ። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሙሉውን መንገድ በገደሉ ጫፍ። እኔ ከእህቴ ልጅ ጋር ሄጄዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ስልኳን ከፊቷ አላወረደችም። ኢሜሮቪግሊ የሚባለውን መንደር ካለፍን በኋላ ስልኩን ኪሷ ከተተችና ስለ ትምህርት ቤቷ ታወራኝ ጀመር። በሦስት ዓመት ያልነገረችኝን በሦስት ሰዓት ነገረችኝ። ውሃና ኮፍያ አትርሱ፤ ጥላ የሚባል የለም።

የስቶክሆልሙ አባት፦
ይሄስ ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔ «አንድ ተኩል ደሴት» ያልኩት እንዲህ ያለውን ነው።

ልጄ አሁን 18 ሆናለች። አጠገቤ ቁጭ ብላ እያነበበች «እኔ ልናገር» አለች። እንዳለችው እጽፋለሁ፦

«ለልጆችሽ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቀን ስጫቸው። እነሱ ይምረጡ፣ እነሱ መንገዱን ይፈልጉ፣ ዋጋውን እነሱ ይጠይቁ። እናንተ ተከተሉ። እኛ ስንሄድ ሁሉንም ባባ ነው የወሰነው። በመጨረሻው ቀን ብቻ ‘ዛሬ አንቺ ምሪን’ አለኝ። እኔ ደግሞ ማንም ሳያስገድደኝ የአክሮፖሊስ ሙዚየምን መረጥኩ። የምግቡ ቦታ ጥሩ እይታ አለው ብለው ስለነገሩኝ ነው። ወለሉ መስታወት ነው፤ ከእግርሽ ሥር የድሮው ሰፈር ቁፋሮ ይታያል። ላይኛው ፎቅ ላይ የፓርተኖን፣ የአክሮፖሊሱ ትልቅ ቤተ መቅደስ፣ ቅርጾች በተራ ተደርድረዋል። አንዳንዶቹ ወርቃማ ቀለም ያላቸው ናቸው። ሌሎቹ ድፍን ነጭ ናቸው። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ነጮቹ የጀሶ ቅጂ ናቸው አሉኝ። እውነተኞቹ ሎርድ ኤልጊን የሚባል የብሪታንያ አምባሳደር ከወሰዳቸው ጀምሮ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ናቸው። ያኔ ባባ ስለ መቅደላ ነገረኝ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የወሰዷቸው ታቦቶቻችን ዛሬም እዚያው ሙዚየም ውስጥ እንደተቀመጡ። ከዚያ በፊት ነግሮኝ ይሆናል፤ አልሰማሁትም። ያን ቀን ግን ሰማሁት። ልጅሽን ሙዚየም ግባ አትበይው። ነጩንና ወርቃማውን አሳይውና ራሱ ይጠይቅ።»

ይኸው ነው ያለችው። እኔ የምጨምረው የለኝም።

ማለዳ ሯጭ፦
ለወንዱ ልጅ እኔ ልናገር። አቴንስ መሐል ፓናቴናይኮ የሚባል ስታዲየም አለ፤ ሙሉ በሙሉ በነጭ እብነ በረድ የተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1896 የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ የተካሄደው እዚያ ነው። ትንሽ ከፍላችሁ ትገባላችሁ፤ ልጁ ትራኩ ላይ መሮጥ ይችላል፤ የሜዳሊያ ሰገነቱ ላይ ቆሞም ፎቶ ይነሣል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ካሸነፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1961 የአቴንስን ማራቶን እንደገና በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል። ይህን እዚያው ቆማችሁ ንገሩት።

ከዚያ በሜትሮ መስመር 1 ኢሪኒ ጣቢያ ውረዱ። እ.ኤ.አ. የ2004ቱ ኦሎምፒክ ስታዲየም ያ ነው። ውስጡን ባትገቡም ጣሪያው ከሩቅ ይታያል። የ10 ሺህ ሜትሩን ታስታውሳላችሁ አይደል? ኃይሌ እግሩን ታሞ ነበር። ቀነኒሳና ስለሺ ወደ ኋላ እየዞሩ ሲያዩት፣ ፍጥነት ቀንሰው ሲጠብቁት! እኔ ያን ጊዜ ሰፈራችን ካለች ሻይ ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር የማየው፤ ውስጡ ሞልቶ። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ አምስተኛ። ልጄን አጥሩ ሥር አቁሜ ስነግረው እንባዬ መጣ። ልጄ ምንም አላለም፤ ማታ ሆቴል ስንደርስ ግን ውድድሩን በስልኩ ፈልጎ አየው።

የቂፕሴሊዋ፦
ቅርጫት ኳስ ይወዳል አላልሽም? ሴፖሊያ ውሰጂው። የቅርጫት ኳሱ ኮከብ ያኒስ አንቴቶኩምፖ ያደገበት ሰፈር ነው። በመስመር 2 ሴፖሊያ የሚባል ጣቢያ አለ። ልጅ ሆኖ ይጫወትበት በነበረው ሜዳ መሬቱ ላይ ሥዕሉ ተሥሎ ነበር። ወላጆቹ ከናይጄሪያ የመጡ ወረቀት አልባ ስደተኞች ነበሩ። እሱ እዚሁ አቴንስ ተወልዶ የግሪክ ዜግነት ያገኘው 18 ዓመት ካለፈው በኋላ፣ አሜሪካ ሊሄድ ሲል ነው። የኔ ልጆችም እዚህ ተወልደው ወረቀት እስኪያገኙ ስንት ዓመት ጠብቀናል። ስለዚህ ያኒስ ለኛ ሰፈር ልጆች ከኳስም በላይ ነው። ኳስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ልጅ አይጠፋም። በእንግሊዝኛ ይግባባሉ።

ማታ ደግሞ ሱኒዮን መሄድ ይቻላል። ከአቴንስ 70 ኪሎ ሜትር ነው፣ ባሕሩ ጫፍ ላይ የባሕር አምላካቸው የፖሲዶን ቤተ መቅደስ አለ። ኦዲሴይ የሚባለው የሆሜር ግጥም ሲጀምር ይህ ፖሲዶን የት ነበር ይላል መሰላችሁ? ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ሄዶ ነው።

ገበታ፦
ትንንሽ ነገር ልጨምርና ልሂድ። ሽንት ቤት ውስጥ ሶፍት አይጣልም፤ ጎኑ ላይ ባለው ቅርጫት ነው። ልጆቹን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሆቴል ስትደርሱ ለየሌሊቱ የሚከፈል ግብር አለ፤ በሰመር ለባለ 3 ኮከብ 5 ዩሮ፣ ለባለ 4 ኮከብ 10 ዩሮ ለአንድ ክፍል። ኢንተርኔት ላይ በከፈላችሁት ውስጥ ላይኖር ስለሚችል አትደንግጡ። እራት የሚበላው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። መኪና የምትከራዩ ከሆነ አውቶማቲኩ ጥቂት ስለሆነ ቀድማችሁ ያዙ።

የዳሞ ጎረቤት፦
ስለ አያቲቱ ማንም አልተናገረም፤ ከምግብ ሌላ። ለእሳቸው ሜቴዎራን አስቡ።

ከአቴንስ በመኪና አራት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። እንደ ዓምድ ቀጥ ብለው የቆሙ ዐለቶች፣ አናታቸው ላይ ገዳም። ዛሬ መነኮሳትና መነኮሳይያት የሚኖሩባቸው ስድስት ናቸው። ደረጃ ሳይፈለፈልላቸው በፊት ሰው በገመድ መሰላልና በመረብ ተስቦ ነበር የሚወጣው። እኔ ደብረ ዳሞን በጠፍር ተስቤ የወጣሁ ሰው ነኝ። እዚያ ቆሜ ሳይ ያው የኛ አባቶች ሐሳብ መሰለኝ። ደብረ ዳሞ ሴት አይገባም። እዚህ ግን ሁሉም ይገባል፤ እናቴ በሕይወቷ ከገደል አናት ላይ ያለ ገዳም ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። በረንዳው ላይ ቆማ ቁልቁል እያየች መስቀሏን ይዛ ብዙ ቆየች። አላናገርኳትም።

ጉልበት ለሚያመው ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባለው ገዳም ይመቻል። ደረጃ መውጣት የለም፤ መኪናው በሩ አጠገብ ይቆማል፣ አጭር ድልድይ ተሻግሮ መግባት ነው። ሌሎቹ ብዙ ደረጃ አላቸው፣ እነሱን ለጎረምሶቹ ተዉላቸው። እያንዳንዱ ገዳም በሳምንት አንድ ቀን ይዘጋል፣ ቀኑም ይለያያል፤ አይታችሁ ሂዱ። ሴት ቀሚስ ትለብሳለች። ከዐለቶቹ ሥር ያለችው ካላምባካ ከተማ ሁለት ሌሊት ይበቃል።

የሜሪላንዷ እናት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ማታ ሁላችንም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ይህን ሁሉ አነበብኩላቸው።

ወደ ጁን መጨረሻ ለውጠነዋል። እናቴ የሰኔንም ጾም ስለምትጾም ለእሷ ያው ነው፤ «ክኩ እስካለ ድረስ» አለች። የቪዛ ቀጠሮዋን ይዣለሁ። አቴንስ ሦስት ሌሊት፣ ሜቴዎራ ሁለት፣ ናክሶስ አምስት፣ ከዚያ ውስጥ አንዷን እኔና ልጄ ሳንቶሪኒ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሌሊቶች አቴንስ። ሚኮኖስና ቀርጤስ ቀሩ። ባለቤቴ ቀርጤስን ስሰርዝ ትንሽ ከፋው፤ ግን የስቶክሆልሟ ልጅ ያለችውን ሳነብ ዝም አለ።

ልጆቹ አንድ አንድ ቀን ተሰጥቷቸዋል። ወንዱ ሴፖሊያን ከማታ ጀምሮ ካርታ ላይ እየፈለገ ነው። ከሴፖሊያ ወደ እብነ በረዱ ስታዲየም በሜትሮ እንዴት እንደሚኬድ ራሱ ጽፎ አሳየኝ። ሙዚየሙን እስካሁን አላነሣሁበትም።

እናቴን ስለ ሜቴዎራ ነገርኳት። «ገመድ ነው?» አለችኝ። አይ፣ ለአንቺ ድልድይ ነው አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «በይ ነጠላዬን ከላይ አድርጊልኝ፣ ሻንጣው ሥር እንዳይጨማደድ» አለች። ጉዞው ገና አራት ወር ይቀረዋል።